የባላባቱ ሰፊ ጎማና አራጌ ጎሚስታው

አዋጅ! በመካነ ሰላም ገበያ ዳር፣ ከአንድ ቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ የተነፈሱት ሁሉ ነፊ፣ የፈነዱት ሁሉ ለጣፊ፣ የካላማዳሪዎች፣ የውስጥ ጎማዎቹ ሞግዚት፣ የቸርኬዎች ዳኛ፣ አራጌ ጎሚስታው ከዚህ ከያዝነው ከሰኔ ወር ጀምሮ የሰፊው ሕዝብ ጠላት መሆኑ ታውቋልና ስሙ እንዲወገዝ፣ መንፊያው እንዲወረስ፣ ጎማ መፈልቀቂያ ብረቶቹም በማስረጃነት እንዲያዙ ተወስኗል።

ይህን የወሰነው ማን እንደሆነ ወደ ኋላ ትደርስበታለህ። ለጊዜው የጠላትህን መልክ እወቅ። ቁመቱ ከላንድሮቨር ኮፈን እምብዛም አይበልጥም። ከጥፍሩ ሥር ያለው ጥቁረት ለጥምቀትም ለፋሲካም አይለቅም። ሠራዊቱ አንዲት የእጅ መንፊያ፣ አንድ የውሃ ገንዳና ጥቂት ብረቶች ናቸው። መንግሥት ሊገለብጥበት ይችል የነበረ ሌላ መሣሪያ ቤቱ ተፈትሾ አልተገኘም።

አራጌ የተወለደው ከደጎሎ ወዲያ፣ ከገብስ አራሽ ቤት ነው። ጢሙ ሳይወጣ ወደ ደሴ ኮበለለና አንድ የመናዊ ጎማ ጠጋኝ ዘንድ ተጠጋ። የትምህርቱ ሥርዓት ቀላል ነበር፤ ጌትየው በተሳደበ ቁጥር ተማሪው አንድ ነገር ያውቃል። አራጌ ብዙ ስለተሰደበ ብዙ አወቀ። መካነ ሰላም ሲመጣ ግን ከሙያው ጋር አንድ በሽታ ይዞ መጣ። "እኔን እምቢ ያለ ጎማ አልተፈጠረም" ይላል ደረቱን ነፍቶ። ነገሩን ስናጣራው እምቢ የማይለው ጎማው ሳይሆን ራሱ አራጌ ነበር። ያመጡለትን ሁሉ ይቀበላል። የጋሪ ጎማ ከመኪና ቸርኬ ላይ ግጠምልኝ ብትለው እንኳ ራሱን እያከከ "እንሞክረዋ" ይልሃል። "አይሆንም" የሚባለውን ቃል አፉን ሲፈታ ሳያስተምሩት የቀሩ ይመስለኛል።

ከዚያ ረሀቡ መጣ። ሰው ሲያልቅ መኪና በዛ። እህል ይዞ የሚመጣው፣ ፎቶግራፍ አንሥቶ የሚሄደው፣ ሁኔታውን አጥንቶ የሚመለሰው ሁሉ ጎማውን በድንጋይ አስበልቶ ከአራጌ ደጅ ይቆማል። በዚያ ክፉ ዘመን አራጌ ጠግቦ አደረ፤ ጠግቦ በማደሩም ያፍር ነበር። ከወግዲ ቆላ የተሰደዱት ከገንዳው ሊጠጡ ሲጠጉ ጎማ የተነከረበትን ደፍቶ ንጹሕ ይቀዳላቸዋል። ይታይሽን ያገኛት ከእነዚሁ መካከል ነው። ጠጥታ ስትጨርስ ገንዳውን አየችና "ልጠብልህ?" አለችው። ጠበችለት፤ በዚያው ቀረች። እናቷ እማማ በለጡ ግን "ቤት ክፍት ትቼ የት እሄዳለሁ?" ብለው ከቆላው አልወጡም። ከቤቱ ውስጥ ሌባ የሚፈልገው አንድም ነገር አልነበረም።

ቀጥሎ አብዮቱ መጣ፤ ከአብዮቱም ጋር ጓድ ክንፈ።

ጓድ ክንፈ አምና የባላባት ግብር ጸሐፊ ነበር። እጅ ሲነሣ ጀርባው ገበታ የሚዘረጋበት ጠረጴዛ ይመስል ነበር። ዘንድሮ ካኪ ለብሶ ቀና አለ። ብዙ ዘመን ጎንብሶ የኖረ ሰው ቀና ሲል ልኩን ስቶ ወደ ኋላ ይንጋደዳል፤ እሱም ተንጋዶ ቀረ። "አንቱ አትበሉኝ፣ ሁላችንም እኩል ነን" ብሎ በየስብሰባው ይናገራል፤ አንተ ያለው ሰው ግን ዘር ሲታደል ስሙ አይጠራም። አዎ፣ ዘር አዳዩ እሱ ነው። በረሀቡ ዘሩን ቆርጥሞ ለበላ ገበሬ ዝናቡ ሳይጠና ዘር እንዲያደርስ ኮሚቴ ተቋቋመና ሊቀ መንበር ሆነ፤ አንዲት ላንድሮቨርና ያለው የሚባል ሾፌርም ተሰጡት። ያለው ጥሩ ሾፌር ነው። ችግሩ አምስት ልጆች አሉትና ማንም "ንዳ" ሲለው ይነዳል።

በግንቦት መጨረሻ ጓድ ክንፈ አራት ጎማ አስጭኖ ከአራጌ ደጅ ቆመ። ከአንድ ባላባት የአደን መኪና ላይ የተወረሱ፣ ሰፋፊ፣ ጥርሳቸው የአውሬ መንጋጋ የሚያህል ጎማዎች።

"እነዚህን ከሕዝቡ መኪና ላይ ግጠማቸው" አለ።

አራጌ በስንዝር ለካቸው። እንደገና ለካቸው። "ጓድ፣ ወፈሩብኝ እኮ።"

"መወፈራቸው ነው የተፈለገው። ጭቃ ነው ያለብን። ሰፊ ጎማ አይሰምጥም።"

"ቸርኬው ግን የድሮው፣ ጠባቡ ነው..."

"የቸርኬው ቁጥር ስንት ነው?"

"አሥራ ስድስት።"

"የጎማውስ?"

"እሱም አሥራ ስድስት ነው።"

"ታዲያ ምን ታንገራግራለህ? ባላባቱ ሚዳቋ ያሳደደበት ጎማ ለጭቁኑ ገበሬ ዘር ሲያደርስ ማየት ያስከፋሃል?"

እዚህ ላይ አራጌ "አይሆንም" ብሎ ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ አታነብም ነበር። "አይ፣ ይገባል" አለ።

ገባም። አራጌ እየተራገመ፣ እየታገለ፣ በሳሙና ውሃ እያሟለጨ ሰፊውን ጎማ በጠባቡ ቸርኬ ላይ አስገባው። ሲነፋው ጎማው ወገቡን በመቀነት የታነቀ ቦርጫም መሰለ፤ ከሥሩ ተጨምቆ ከላዩ ጎበጠ። የኋላዎቹን፣ ከዚያም የፊቶቹን ገጥሞ መኪናዋን ከማንሻው ክሪክ ሲያወርድ የፊቱ ጎማ ጎን ወደ ውስጥ ሰፍቶ ከመኪናዋ ሆድ ብረት ጋር ሊሳሳም ምንም አልቀረው። አራጌ መሪውን በመስኮቱ እጁን ሰዶ ወደ ቀኝ ጠመዘዘ። *ሽርት* አለ። ቀስ ብሎ፣ እንደ አይጥ። ጎንበስ ብሎ ሊያይ ሲል ጓድ ክንፈ ከውጭ "አለቀ?" ብሎ ጮኸ።

አራጌ ቀና አለ። "አለቀ" አለ።

ቀጥሎ ፍተሻ ሆነ። ፍተሻው እንዴት እንደተደረገ ስማ። ጓድ ክንፈ ከጥቂት ሳምንት በፊት ካህናቱን ሰብስቦ "ታቦት ማዞር የፊውዳል ቅሪት ነው" ብሎ ያስተማረ ሰው ነው። አሁን ከገበያው ወይራ ሥር ሕዝቡን አሰለፈ፣ ሴቶቹን እልል በሉ አለ፣ ራሱ ከላንድሮቨሯ ፊት ሆኖ እየመራ ወይራውን ሦስት ጊዜ አዞራት! ሾፌሩ ያለውም ዛፉን በስተግራው አድርጎ ዞረ፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ያየው ዑደት ሁሉ እንደዚያ ነበርና ሌላ አዟዟር ከሐሳቡም አልገባ። ካኪ የለበሰውም፣ ጥምጣም ያደረገውም፣ ሾፌሩም፣ ተመልካቹም አንድ ላይ ተስማምተው ወደ ግራ ዞሩ። ሦስት ጊዜ ወደ ግራ። ወደ ቀኝ አንዴም። መኪናዋ ትንፍሽ አላለችም። "ዑደቱ አማረ!" አሉ አንድ ሽማግሌ፣ የሚያዩት ምን እንደሆነ ረስተው። አራጌ ከዳር ቆሞ አጨበጨበ፤ ዓይኑን ግን ከፊቶቹ ጎማዎች አላነሣም።

በማግስቱ ጠዋት ዘሩ ተጫነ፤ በዘሩ ላይ ሰው ተጫነ። አራጌ ሊሰናበት ብቅ ሲል ከጆንያዎቹ አናት ላይ ይታይሽን አያት።

"ምን ታደርጊያለሽ እዚያ?"

"ትናንት ማታ ሰው መጥቶ ነገረኝ አላልኩህም? እማማ ከመኝታ መነሣት አቅቷታል። ላመጣት ነው።"

"ሌላ ቀን ትሄጃለሽ። ውረጂ።"

"ሌላ ቀን ልቀብራት እንጂ ላመጣት አልሄድም።"

"ይታይሽ፣ ውረጂ ስልሽ።"

"ምን ሆነሃል አንተ? ጎማውን የገጠምከው አንተ አይደለህ?"

"እኔ ነኝ።"

"እንግዲያው ማንን ልመን?" ብላ ሳቀች፤ በጆንያው ላይ ያሉትም ሳቁ። ጓድ ክንፈ ከፊት ወንበር አንገቱን አውጥቶ "የጎሚስታው ሚስት የባሏን ሥራ ትመርቅ እንጂ!" አለ። አራጌ ሊናገር አፉን ከፈተ። ሁሉም ያዩታል። ዘጋው።

መኪናዋ ተነሣች። ከገበያው ወጥታ ወደ ወግዲ ጥርጊያ ስትታጠፍ፣ ወደ ቀኝ፣ እንደሚታረድ በግ ጮኸች።

"ጓድ፣ ይጮሃል!" አለ ሾፌሩ ያለው።

"የአድኃርያን ጩኸት ነው! ንዳ!"

ያለው ነዳ።

አራጌ ወደ መታጠፊያው ሮጠ። ከመሬቱ ላይ ጥቁር የጎማ ፍቅፋቂ ተበትኗል። ይህስ ጎማው ብረት ሲነካ የሚወጣ ነው፤ አላስደነገጠውም። ከፍቅፋቂው መካከል ግን አንድ ቀጭን፣ ክር ያለበት ቁራጭ አገኘ። በጣቱ አሻሸው። የጎማ አይደለም። የፍሬን ዘይት የሚሄድበት የላስቲክ ቱቦ ልባስ ነው። ነገሩ ቁልጭ አለለት፤ መሪው ወደ ቀኝ በተጠመዘዘ ቁጥር የፊቱ የግራ ጎማ ላልቶ የተንጠለጠለውን ቱቦ እንደ ሞረድ ይሞርደዋል። ጭነቱ ደግሞ መኪናዋን ዝቅ አድርጓታል። የወግዲ ቁልቁለት የሚጀምረው በቀኝ መታጠፊያ ነው፤ ከዚያም ቀኝ፣ ከዚያም ቀኝ፣ በስተግራ ገደል።

ፊት ለፊቱ ጨው የምትሸጠው ሩቂያ አየችው። "አራጌ! ምን አገኘህ? ፊትህ አመድ መሰለኮ።"

"አህያሽን ስጪኝ።"

"ለምንህ?"

"ፍሬኑ ሊበጠስ ነው። ይታይሽ ከላይ አለች።"

"ያ ረቢ! ውሰድ! ውሰድ፣ አላህ ያድርስህ! ምን ቆመሃል!"

አንዱን የድሮ ጠባብ ጎማ፣ መንፊያውንና ብረቶቹን በአህያዋ ላይ አሰረ። ሁለተኛውን ጎማ አህያዋ አልሸከምም ብላ ሦስት ጊዜ ስለጣለችው በእጁ እየመታ ማንከባለል ጀመረ። እንዲህ ሆነው ከመካነ ሰላም ወጡ፤ አህያ፣ ጎማ፣ ጎሚስታ።

አንድ ተስፋ ብቻ ነበረው። መኪናዋ ሸንተረሩን ዞራ ነው የምትሄደው፤ የእግር መንገዱ መሃሉን ይቆርጣል። ደግሞም ጓድ ክንፈ ሰው ያየበት ቦታ ሁሉ አስቁሞ ይናገራል። አራጌ በልቡ "እባክህ ተናገር" አለ። "እባክህ፣ አስረዝመው።" በእኔ ዕውቀት የዚያን ሰውዬ ንግግር እንዲረዝም የለመነ ከእሱ በፊት አልነበረም።

የእግር መንገዱ ከጥርጊያው ጋር በተገናኘ ቁጥር መታጠፊያውን ይፈትሻል። ወደ ግራ ከሆነ ያልፋል። ወደ ቀኝ ከሆነ ይንበረከካል። ፍቅፋቂ አለ። አፈሩን ዘግኖ ያሸታል፤ የፍሬን ዘይት ሽታ ያውቀዋል። የለም። ተመስገን ብሎ ይነሣል። ቀጣዩ ላይ ይንበረከካል። ፍቅፋቂው በዝቷል፤ ክሩም በዝቷል። ዘይት የለም። ገና አልተበሳም። ገና።

ከማሳ ጥግ ያረፉ አራሾች አዩትና አንዱ ጮኸ። "አያ አራጌ! መኪናው የት ወድቆ ነው ጎማው ብቻውን የሚሄደው?" ሳቁ። አራጌ አልሳቀም፤ ወደ ወግዲ ዞሮ አየ። ጎማው አምልጦት ወደ ማሳው ሲገባ አሳዶ ያዘውና መንገዱን ቀጠለ።

ከዚያ ቀብር መጣበት።

ከፊት ለፊቱ፣ በጠባቡ መንገድ፣ ቃሬዛ ተሸክመው ሰዎች ይመጣሉ። ቀብር ያገኘ መንገደኛ ሸክሙን አውርዶ፣ ወደ መጣበት ተመልሶ፣ ጥቂት ሸኝቶ ነው የሚሄደው። በረሀቡ ሁለት ዓመት ይህ ቀርቶ ነበር። ሬሳ በዝቶ ሸኚ ጠፍቶ፣ ሰው ዓይኑን ወደ ዳገቱ አዙሮ ያልፍ ነበር። ዘንድሮ ሰው እንደገና መሸኘት ጀምሯል፤ ሰው መሆናችን የተመለሰው ያኔ ነው ብለው የሚያምኑ አሉ። አራጌ ከእነሱ አንዱ ነው። አህያዋንና ጎማውን ከዳር ትቶ ነጠላውን አዘቅዝቆ ተሰለፈ፤ እግሩ ወደ መካነ ሰላም፣ ጆሮው ወደ ወግዲ። ከሩቅ የመኪና ድምፅ የመሰለው ነገር መጣ፤ ከዚያ ጠፋ። ለምን ጠፋ? ቆመች? ወይስ...? አጠገቡ የሚሄዱት ሰውዬ እንባው ሲወርድ አይተው "ታውቃት ነበር እንዴ ልጄ?" አሉት። "አላውቅም" አለ። "አላህ ይስጥህ፣ እግዜር ይስጥህ" ብለው ትከሻውን ያዙት። "በቃህ፣ ተመለስ።"

ተመለሰ፤ ሮጠ።

አፋፉ ላይ ሲደርስ መኪናዋ ቆማለች! ጓድ ክንፈ ከኮፈኑ ላይ ወጥቶ ለአካባቢው ገበሬዎች ስለ ሰፊው ሕዝብና ስለ ሰፊው ጎማ ይናገራል። አንደበተ ርቱዕነት ነፍስ ሲያድን የሰማሁት ይህን አንዴ ብቻ ነው። ከኮፈኑ ፊት ቁልቁለቱ ይጀምራል፤ የመጀመሪያው መታጠፊያ ከዚያው ይታያል፤ ቀኝ።

አራጌ በቀጥታ ወደ ይታይሽ ሄደ። "ውረጂ" አለ በሹክሹክታ።

"ምን ልትሠራ መጣህ? ያ ጎማ ምንድን ነው?"

"ዝም ብለሽ ውረጂ።"

"እኔ ብቻ?" አለችው። አጠገቧ የተቀመጡትን አየች፤ ልጅ ያዘለችውን፣ ሽማግሌውን፣ የጆንያ ጠባቂውን። ከዚያ መልሳ እሱን አየችው። "አራጌ፣ እኔ ብቻ ነኝ የምወርደው?"

አራጌ ሁሉንም እንዲያይ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ከዚያ በሕይወቱ ሰምቶት በማያውቀው ድምፅ፣ ገበሬው ሁሉ ዞሮ እስኪያየው፣ "ሁላችሁም ውረዱ!" ብሎ ጮኸ። "ይህ ጎማ አይሆንም!"

የጓድ ክንፈ ንግግር ተቆረጠ። "ምን ይላል ይሄ?"

"አይሆንም ጓድ። ፍሬኑን እየበላው ነው።"

"ትናንት ወይራውን ስንዞር ምነው ዝም አለ?"

"ወደ ግራ ብቻ ነው የዞራችሁት።"

ሾፌሩ ያለው መሪውን ወደ ቀኝ ጠመዘዘ። ጎማው ጮኸ። አራጌ ከሥር ገብቶ የግራውን ቱቦ ወደ ፊት ሳበው። ሰው ሁሉ ጎንበስ ብሎ አየ። ልባሱ አልቋል፤ ነጩ ክር እንደ ተበላ ገመድ ተንጨፍርሯል። አንድ ወይም ሁለት መታጠፊያ ነበር የቀረው። ልጅ ያዘለችው ሴት ቁልቁለቱን አየችና ተቀመጠች። ይታይሽ ግን እናቷ ያሉበትን ቆላ አላየችም፤ ባሏን ነበር የምታየው።

"ማነው የገጠመው?" አለ ጓድ ክንፈ ቀስ ብሎ።

"እኔ።"

"እያወቅህ?"

እዚህ ላይ ደግሞ "አላወቅሁም" ማለት ይቻል ነበር፤ ሾፌሩ ያለው በዓይኑ "በል፣ በል" ይለው ነበር። አራጌ ግን አንዴ የጀመረው ነገር መቆሚያ አጣ። "ስገጥመው ሲነካ ሰምቼ ነበር" አለ። "እርስዎም ስላጣደፉኝ፣ እኔም ስላፈርኩ፣ ዝም አልኩ።"

ጓድ ክንፈ ከሰማው ሁሉ የፈለገውን ሩብ ብቻ ለይቶ ያዘ። "ሰምታችኋል" አለ ወደ ሕዝቡ ዞሮ። "ሲነካ እየሰማ! ይህ አሻጥር ነው።"

አሻጥረኛው የሰፊዎቹን ጎማዎች አፍ ፈልቅቆ አወጣ፣ የድሮዎቹን በፊቱ ቸርኬዎች ላይ መልሶ ገጠመ፣ በእጁ ነፋ፤ ጠመንጃ የያዘ ሰው ከጀርባው ቆሞ ይጠብቀው ነበር። ቱቦው ዳግመኛ ምንም እንዳይነካው ወደ ውስጥ አሰረው። "በመጀመሪያ ማርሽ፣ ሞተሩ ይያዝልህ፤ ፍሬኑን በቀስታ ብቻ" አለው ሾፌሩን። "ሰው በእግሩ ይውረድ።" መኪናዋ ዘሩን ብቻ ይዛ እያቃሰተች ወረደች። ደረሰች። ዘሩ ተዘራ። ይታይሽም እናቷን ይዛ መጣች።

አራጌ ወደ መካነ ሰላም የተመለሰው እጁን ታስሮ ነው። ሩቂያ አህያዋን ስትቀበል ጠባቂውን ከራስ እስከ እግሩ አየችውና "እሷንስ አታስሯትም? ጎማውን የተሸከመችው እኮ እሷ ናት" አለችው።

እነሆ እስከ ዛሬ ከጣቢያው ክፍል ነው። ያን አዋጅ ያወጣው ጓድ ክንፈ ጠላት በማጋለጡ ተመስግኗል። ይታይሽ ጠዋት ማታ ምግብ ታመላልሳለች። እማማ በለጡ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር ተቀምጠው ገንዳውን ይጠብቃሉ፤ ባዶ ቤት መጠበቅ ለምደዋል። "ሁለት ምስክር ከመጣ ጉዳዩ ይታያል" ተብሏል። ከጆንያው ላይ ከወረዱት አንዱም አልመጣም። አንዱ "ፀሐይ ዓይኔን ይዞኝ ነበር" አለ፤ ሌላው "የዚያን ቀን ሌላ አገር ነበርኩ" አለ። ከፊት የወጡት ሁለቱ ሰፋፊ ጎማዎች ከኮሚቴው ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። ክረምቱ ገብቷል፤ ጭቃው በዝቷል፤ እነሱኑ መልሶ እንዲገጥም ከአቀስታ ሌላ ጎሚስታ ተጠርቷል ይባላል። እሱም እምቢ የማይል ሰው ነው ይላሉ። መኪናዋ ማክሰኞ ሰው ጭና ትነሣለች።

እንግዲህ አንተ፣ ያን ጠዋት ከዘሩ ጆንያ ላይ የነበርህ፣ ቁልቁለቱን በእግርህ ወርደህ ዛሬ ይህን ወረቀት በሁለት ጤነኛ እጅህ ይዘህ የምታነብ፣ አንድ ነገር እጠይቅሃለሁ። ከማክሰኞ በፊት ወደ ጣቢያው ሂድ። ከበሩ ቁም። ስምህን ሲጠይቁህ ተናገር። ከዚያ ያ ነጭ ክር ከዓይንህ ፊት እንዴት እንደነበረ፣ "ሁላችሁም ውረዱ" ያለህ ሰው ማን እንደሆነ፣ አንተም ያን ጊዜ ለምን ከጆንያው እንደወረድህ መስክር።